ቁርባን ያልቀመሰ አፍ

አይናዲስ የዶሮ ማነቂያን ዳገት ጨርሳ የአራዳ ገበያ ጫጫታ እስኪቀበላት ድረስ ራሷን ሳትከናነብ መውጣቷን አላወቀችም ነበር። ያወቀችው ጠዋት አናቷ ላይ የተደረገላት ለጋ ቅቤ በፀሐይ ቀልጦ ከጆሮዋ ኋላ ወደ አንገቷ ሲወርድ ነው። ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ አናቷ ላይ ጣል አደረገችና እርምጃዋን ሳታላላ ከሰዉ መሀል ገባች።

ቅዳሜ ነበር። ያን ዘመን ባቡሩ አዲስ አበባ ገና አልዘለቀም፤ እህሉም ጨውም፣ ማሩም ቆዳውም በአህያና በበቅሎ ጀርባ መጥቶ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ይራገፋል። አይናዲስ በአሞሌ ክምርና በበርበሬ ስልቻ መሀል፣ ነጠላቸው እርስ በርስ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ በሚጓተቱ ሁለት ባላጋራዎች አጠገብ ሾልካ አለፈች። ወገቧ ገና አልጠናም። ሆዷን ያሰረችበት መቀነት ላልቶ ስለሚወርድ በአንድ እጇ እሱን ይዛ በሌላው ሰው ትገፋለች።

“አንቺ ልጅ፣ አራስ አይደለሽም እንዴ?” አለቻት አንዲት ጌሾ ሻጭ፣ ቅቤው ሸቷት። “ብረት እንኳ ሳትይዢ? ምች ይጣለኝ ብለሽ ነው?”

“እሺ እናቴ” አለች አይናዲስ ሳትቆም።

“እሺ ትላለች ደግሞ። ወዴት ነው የምትከንፈው?”

“ተያት” አለች አጠገቧ ያለችው በርበሬ ሻጭ። “ባሏን ፍለጋ ነው። ቅዳሜ ቀን ባል የት እንደሚገኝ አንቺ አታውቂም?”

ሁለቱም ሲስቁ አይናዲስ እየራቀች ሰማቻቸው። ጥቂት እንደሄደች አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ደግሞ በከዘራው እግሯን አመለከታትና “ብርድ የሚገባው በቁርጭምጭሚት ነው፣ ልጄ” አላት። ለእሱም እሺ አለች።

ከወለደች ወዲህ መካሪ ጎድሎባት አያውቅም። አንዷ መጥታ “የልጅቷን አፍንጫ ጠዋት ጠዋት በቅቤ እያሸሽ ሳቢው፤ ኋላ ደፍጣጣ ሆኖ ይቀርና ታዝንብሻለች” ትላታለች። ሌላዋ “አፍንጫዋን እንዳትነኪ፣ የሚታሸው ግንባሯ ነው” ትላለች። አብሽ ጠጪ፣ ወተት ያወርዳል። አብሽ አትጠጪ፣ የልጅ ሆድ ይነፋል። በቀኝ ጎኗ አስተኚያት፣ የለም በግራ ነው። ሁሉም ወልደው ያሳደጉ፣ ሁሉም ለእሷ ብለው ዳገት ወጥተው የመጡ ናቸውና ማንን ትቆጣለች? መላውን ያሳየቻት ጎረቤቷ ሀጂራ ነበረች። ሀጂራ የወሎ ሰው፣ የሸማኔ ሚስት፣ የብዙ ልጆች እናት ናት። “ሁሉንም እሺ በያቸው አንቺዬ” አለቻት። “ሲወጡልሽ ያሻሽን ታደርጊያለሽ። እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ የተመከርኩትን ሁሉ ብሠራ ኖሮ ልጁም እኔም ዛሬ የለንም።”

ይህ መላ የማይሠራው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ በእትዬ አስካለ ላይ። እትዬ አስካለ የአይናዲስ እናት እኅት ናቸው። እናቷ ስትሞት እሷንና ታናሽ ወንድሟን እምሩን ወስደው እንደ ወለዱ አድርገው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። መውለዷንም ሲሰሙ ከቡልጋ ድረስ በእግራቸው መጥተው ሊያርሷት ገቡ። የሚያድሩት ከመደቧ አጠገብ ነው። ሲወጡልኝ ያሻኝን አደርጋለሁ እንዳትል፣ አይወጡም።

አዳነች ያሏት ልጅ ሌሊት ሌሊት ማሳል ስትጀምር እትዬ አስካለ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው ጉሮሮዋን ዳሰሱና “እንጥሏ ወርዷል” አሉ። “ሳያንቃት መቆረጥ አለበት።”

አይናዲስ ይህን ቃል ታውቀዋለች። እምሩም እንጥልህ ወርዷል ተብሎ ነው የተቆረጠው። ደሙ አልቆም ብሎ ሲወርድ ያደረው በእሷ ጭን ላይ ነው፤ ያኔ እሷም ልጅ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ቀሚሷ ላይ የፈሰሰው ደም ደርቆ ነበር፣ እምሩም አይተነፍስም። ከዚያች ሌሊት አይናዲስ ይዛ የቀረችው ነገር፣ ከእንግዲህ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ ቢላዋ አይገባም የሚል ነው። እትዬ አስካለ የያዙት ደግሞ ሌላ ነው። “የገደልነው ዘግይተን ነው” ይላሉ እስከ ዛሬ። “ጥቂት ቀደም ብንል ኖሮ አሁን ቤት ሠርቶ፣ ሚስት አግብቶ አየው ነበር።” ሁለቱም ያለቀሱት ለአንድ ሬሳ ነው፤ የተማሩት ግን ለየቅል ሆነ፣ በዚህም ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ስለዚህ አይናዲስ ዋሸች። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረትንሣኤ ለሱባኤ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ስለነበር ቶሎ እንደማይጠየቁ አውቃ፣ “አባን ከመሄዳቸው በፊት ጠይቄያቸው ነበር” አለች። “ቅዱስ ቁርባን ያልቀመሰ አፍ ብረት አይግባበት ብለዋል። ክርስትና ትነሣና ከዚያ ወዲያ ይሁን አሉ።” እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ጊዮርጊስ ዞረው ተሳለሙ። ከዚያ በኋላ የቢላዋን ነገር አላነሡም።

እውነቱን የነገረችው ለባሏ ለአባይነህ ብቻ ነው። ከእሱ የምትደብቀው ኖሯት አያውቅም። አባይነህ እትዬ አስካለ እንዳይሰሙት አፉን በጋቢው አፍኖ ሳቀ። “አንቺ ደግሞ ጵጵስናውን ጠቅልለሽ ያዝሽው” አላት። ቀጥሎም “አይዞሽ፣ ከእኔ አይወጣም” አለ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው “ፀሐይ ላሙቃት” ብለው ልጅቷን አቅፈው ወጡ። ፀሐዩ ከበረታም በኋላ አልተመለሱም። ሀጂራ ወንፊት ልትዋስ ብቅ ባለችበት ነው ወሬው የመጣው።

“አክስትሽን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ አገኘኋቸው፣ ልጅቷን በኩታ ጠቅልለው። ‘ወዴት ነው እማማ?’ ብላቸው ‘እማማ አክበረት ጋ’ አሉኝ። እንጥል የሚያወጡት አሮጊት ናቸው እኮ። አንቺ አላወቅሽም እንዴ?”

አይናዲስ ተነሣች። ሀጂራ “ቆይ፣ አራስ አይደለሽ፣ እኔ ልሂድልሽ” ስትል እሷ አጥሩን አልፋ ነበር።

በቀጥታ ወደ ድልድዩ መውረድ ትችል ነበር። ነገር ግን እትዬ አስካለን ብቻዋን ተጋፍጣ አታውቅም። እንደ እናት ሆኖ ካሳደገ ሰው እጅ ልጅ መንጠቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አልመጣላትም። የልጅቷ አባት ሲናገር ግን ሌላ ነው። እናም መንገዷን ቀይራ ወደ ኮርቻ ሰፊዎቹ ተራ ወጣች።

አባይነህ የሚሠራው ከአንድ አርመን ሱቅ ጎን፣ ቆርቆሮ በተደረበባት ጎጆ ደጃፍ ላይ ነው። የበቅሎ ማልበሻ ግላስ ይሰፋል፣ ልጓምና የእርካብ ጠፍር ይሠራል፣ ለመኳንንቱም ከፈረስ ጅራት የዝንብ ጭራ ያበጃል። ስትደርስ ወስፌውንና ጅማቱን እየሰበሰበ ነበር። አንድ የቀኛዝማች አሽከር ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሞ ይነዘንዘዋል።

“ጌታዬ ሰኞ ለግብር ሊሄዱ ነው። በቅሎዋን በግማሽ ግላስ ላቅርብላቸው?”

“ያልተሠራውን ጎኗን ወደ ግድግዳ አዙረህ አቁምልኝ” አለ አባይነህ። “እስኪነቁብህ እጨርሳለሁ።”

“የሚገረፈው ጎን የእኔ ነዋ።”

አባይነህ ሊመልስለት ቀና ሲል ከአሽከሩ ትከሻ ኋላ አይናዲስን አያት። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

“ምን ሆንሽ? ማን ውጪ አለሽ?”

“አዳነችን ወስደዋታል። እትዬ አስካለ። እንጥሏን ሊያስቆርጧት።”

አባይነህ የያዘውን ወስፌ ቁልቁል አየ። “ማን ነገረሽ?” አለ።

“ሀጂራ። አሁን እሱ ምን ያደርግልሃል? ተነሣ።”

“አንቺ እዚህ ጥላው ሥር ቁጭ በይ። እኔ ሄጄ አመጣታለሁ።”

“አልቀመጥም።”

“አራስ ነሽ አይናዲስ። በዚህ ፀሐይ…”

“ከዳገቱ እስከዚህ ይህን ያላለኝ ሰው የለም። አንተ አትጨምርበት።”

አሽከሩ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አነሣ። “ሂድ ወንድሜ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “በቅሎዋን አዞራታለሁ።”

አባይነህ ወደ ጎጆው ውስጥ ገባ። ጋቢውን ከማገሩ ላይ ሲያወርድ፣ ከዚያም ቆይቶ ሌላ ነገር ሲያገላብጥ ትሰማዋለች። “ምን ትፈልጋለህ?” ብላ ጠራችው። “መጣሁ፣ መጣሁ” አላት። ሲወጣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጫፉን ደረቱ ላይ ጠቅልሎ ይዞታል።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ አይናዲስ ትንፋሿ ተመለሰላት። ከእንግዲህ ብቻዋን አይደለችም። አባይነህ በአንድ እጁ ክርኗን ደግፏታል። የምትፈጥነው እሷ ናት፣ እሱ ወደ ኋላ ይጎትታታል።

“ቀስ በይ፣ መቀነትሽ ሊፈታ ነው።”

“ይፈታ።”

ጥቂት ሄዱ። “ምን ልትያቸው ነው?” አላት።

“እኔ ምንም አልልም። የምትናገረው አንተ ነህ።”

“እኔ?”

“አባቷ አይደለህ? ‘አልፈቀድኩም’ በላቸው፣ በቃ። እኔ ስናገር መክረው ይመልሱኛል። አንተ ስትናገር ይሰሙሃል።”

አባይነህ ለአንድ እንጨት ለተሸከመ ሰው መንገድ ለቀቀ፣ የሚያውቀውን አንድ ቆዳ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ነጋዴው ወሬ ሊጀምር ሲል አይናዲስ ጎተተችው።

“እንበልና” አለ ከዚያ በኋላ፣ “በቢላዋ ባይሆንስ? ደም የማያፈስ ነገር ቢኖርስ?”

“ምን ዓይነት ነገር?”

“እንዲያው ነው። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ።”

“ሰው የማያወራው ምን አለ?” አለችው። ጭንቅ ይዟት እንኳ ትንሽ ሳቀች። እሱም እንደ ሌላው መካሪ ሆኖ መጣ፤ ግን ስለ ልጁ ፈርቶ ነው፣ ብላ ክንዱን ጠበቅ አደረገችው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ አገኙት። አንድ ባላምባራስ በበቅሎ ተቀምጠው፣ አሽከሮቻቸው ከፊትም ከኋላም ከበዋቸው ከማዶ ወደ አራዳ ይሻገራሉ። ሰዉ ወደ ዳር ወጥቶ፣ ወንዱ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ ሴቱ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። አይናዲስ በጠርዙ ሾልካ ልታልፍ ስትል አንድ አሽከር ዱላውን አግድም ዘረጋባት።

“ወዴት ነው? ጌታ ሲያልፉ አይታይሽም?”

“ልጄ ማዶ ናት።”

“ልጁ ማዶ ያልሆነ ማን አለ? ቁሚ።”

ቆመች። የበቅሎዎቹ ኮቴ ድንጋዩን እየመታ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ኮቴ ያለፈ ጊዜ እንጥል ሲቆረጥ ይታያታል። አባይነህ እንደ ሌላው ወንድ ጋቢውን አውርዶ ማደግደግ ነበረበት። አላደገደገም። ደረቱ ላይ እንደጠቀለለው አጎነበሰ እንጂ። አሽከሩ ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው፣ ዱላውንም አንድ ጊዜ ወዘወዘው። አባይነህ ፊቱ ቀላ፣ ጋቢውን ግን አልለቀቀም። አይናዲስ ይህን አይታ ልቧ ሞቀ። ዓይን አፋሩ ባሏ፣ ለጌቶች በቅሎ እንኳ ቆሞ መንገድ የሚለቅ ሰው፣ በልጁ ሲመጡበት የትልቅ ሰው ክብር ረሳ።

“አንተ ባትኖር ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር” አለችው በሹክሹክታ።

አባይነህ ከድልድዩ ሥር የሚወርደውን ውሃ ያይ ነበር።

የእማማ አክበረት ግቢ ከድልድዩ ማዶ፣ ቁልቁል በምትወስድ ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። በሩ ላይ ልጅ ያቀፉ ሴቶች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። አባይነህ ቀድሞ ገባ። አይናዲስ በትከሻው ላይ አሻግራ ስታይ እትዬ አስካለ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዳነች ጭናቸው ላይ ናት። አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። የልጅ ልቅሶ እንዲህ ደስ ይላል ብላ አስባ አታውቅም። የተቆረጠ ጉሮሮ እንደዚህ አይጮኽም። በጊዜ ደረሰች።

እትዬ አስካለ አባይነህን ሲያዩት ፊታቸው ፈካ።

“መጣህ? ምነው ቆየህ አንተ ልጅ፣ ተራችን አለፈ እኮ። ጭራውን አመጣኸው?”

አባይነህ ቆመ። ከኋላው የነበረችው አይናዲስ ጀርባው ላይ ልትወድቅ ትንሽ ቀራት።

“የነጩን ፈረስ ብዬሃለሁ” አሉ እማማ አክበረት ከበራፋቸው ላይ። ከትግራይ የመጡ፣ ጠይም፣ እጃቸው የወንድ እጅ የሚያህል ባልቴት ናቸው። “የጥቁሩ ሲስቡት ይበጠሳል። የእኔ አልቆብኝ ነው እንጂ አላስቸግርህም ነበር።”

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ከኋላው ያለችውን አዩ። “ውይ፣ አንቺ ደግሞ ማን ውጪ አለሽ? በዚህ ፀሐይ?” አሉ። ግን አልደነገጡም። የደነገጠ ፊት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። “ደግ፣ ከመጣሽ ተቀመጪ። ነገረሽ ማለት ነው። እኔማ ‘ንገራት’ ብዬው ነበር። ‘ካለቀ በኋላ ይሻላል፣ ትጨነቃለች’ አለኝ።”

“ምኑን ነው የሚነግረኝ?” አለች አይናዲስ።

“ብረት አይደለም ልጄ። የአባን ቃል ጥሼ እኔ ምን ልሁን? በጭራ ነው የሚያወጡት። እንጥሉ ላይ ይቋጥሩና አንዴ ሳብ ነው፣ ብረት የሚባል አይነካትም። መላው የባልሽ ነው፣ እግዜር ይስጠው። እኔ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ መጣና ‘አባ የከለከሉት ብረት ነው እንጂ ጭራ ከለከሉ እንዴ?’ አለኝ። ይኼ ለእኔ እንዴት አልመጣልኝም? አራዳን ዞሬ እኚህን እናት ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።”

አይናዲስ የባሏን እጅ አየች። ጋቢውን አሁንም ደረቱ ላይ ጨብጦታል። ጎጆው ውስጥ ሲያገላብጥ የቆየው፣ ድልድዩ ላይ ሲገላመጥ ያልለቀቀው ይህን ነበር። ከገበያው እስከዚህ ድረስ ከአጠገቧ፣ ከክንዷ ሥር ሆኖ አብሯት መጣ። እሷ ደግሞ ፍጠን እያለች ጎተተችው።

“አሳየኝ” አለችው።

“አይናዲስ፣ ስሚኝ…”

“አውጣው።”

አባይነህ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ጭራው በንጹሕ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ጫፍና ጫፉ በሚያምር ስፌት ተይዞ ነበር። ለመኳንንት የሚሠራውን ያህል ተጠንቅቆ ነው የሠራው።

“ሌሊት ስታስል አልሰማሽም?” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እኔ እሰማታለሁ። አንቺ ‘ቢቆረጥ ትሞታለች’ ትያለሽ፣ እትዬ ‘ባይቆረጥ ትሞታለች’ ይላሉ። እኔ ማናችሁን ልመን? ሁለታችሁም ያያችሁት ያንኑ እምሩን ነው።”

“ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“እንቢ ትያለሽ ብዬ።” ከዚያ ጠጋ አላት፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙት። “ቃልሽን ለማንም አላወጣሁም። ይኸው፣ አባ አሉ ያልሽው እንዳለ ነው። ማንም አላወቀብሽ።”

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ከሁሉ በለጠባት። ውለታ የዋለ ሰው ፊት ነበር። ምስጢሯን አልሸጠውም፤ አስቀምጦ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ቀዳዳውን አግኝቶ በዚያ በኩል ልጇን አሾለካት። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ቀዳዳ።

“ጓለይ፣ ልጄ” አሉ እማማ አክበረት፣ “የቤታችሁን ነገር በቤታችሁ። ወይ ጭራውን ስጡኝ ወይ ተራውን ልቀቁ።”

እትዬ አስካለ አዳነችን ይዘው ተነሡ። አይናዲስ አሁን ምን ብትል ይመለሳሉ? አልፈልግም ብትል መክረው ያሳምኗታል። አባ ከልክለዋል ብትል፣ አባን ማንም አልጣሰ። በገዛ ቃሏ ዙሪያዋን ታጥራለች፣ አጥሩን ያጠበቀው ደግሞ ባሏ ነው። የሚወጣበት አንድ በር ብቻ ቀርቷል፤ በዚያም የሚወጣ ሰው እንደገባ ሆኖ አይወጣም።

“እትዬ” አለች። “አባ ምንም አላሉም።”

“እንዴት?”

“አልጠየቅኋቸውም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።”

ተራ የያዙት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ አማተበች።

“በአባ ስም?” አሉ እትዬ አስካለ።

“በአባ ስም።”

“በቁርባኑ?”

“አዎ።”

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። “ለምን ‘አልፈልግም’ አላልሽኝም?”

“ብልዎት ይተዉ ነበር?”

አክስቷ ሐሰት የማይወዱ ሰው ናቸውና አሰቡበት። “አልተውም ነበር” አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ዓይናቸው ወደ አባይነህ ዞረ። አይናዲስ ያን አስተያየት በልጅነቷ አንድ ጊዜ አይታዋለች፣ የእምሩ ሬሳ ከቤት ሲወጣ። “አንተስ? እያወቅህ ነው ‘አባ የከለከሉት ብረት ነው’ ያልከኝ?”

አባይነህ ጭራውን ወደ አቡጀዲው መልሶ ይጠቀልል ነበር።

“ስንት ሌሊት ለአባ ጸለይኩላቸው” አሉ እትዬ አስካለ። “ልጅቷን ከብረት አዳኑልኝ ብዬ። እናንተ ደግሞ ጎን ለጎን ተኝታችሁ ትሰሙኛላችሁ።”

አይናዲስ ወደፊት ሄዳ እጇን ዘረጋች። አክስቷ ልጅቷን አልከለከሏትም፣ አልሰጧትምም። ክንዳቸውን ላላ አደረጉ ብቻ፣ አይናዲስም ወሰደቻት። ከኋላቸው እማማ አክበረት ቀጣዩን ልጅ ጠሩ።

የመልሱን ዳገት ሦስቱም ተራርቀው ወጡት። አይናዲስ ከፊት፣ እትዬ አስካለ ከመሀል፣ አባይነህ ከኋላ። ገበያው ጋ ሲደርሱ አዳነች ሳለች። ደረቅ፣ ረጅም ሳል ነበር፤ ትንሿ ፊቷ እስኪጠቁር ያዛት። አይናዲስ ሰው መሀል ቆማ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻትና፣ ምናልባት እሳቸው ልክ ከሆኑስ የሚል ሐሳብ እንደ ብርድ ገባባት። ማንን ትጠይቅ? ሁልጊዜ ማታ ማታ የምትጠይቀው ሰው ከኋላዋ ነበር። ዞራ አላየችም።

ቤት እንደገቡ እትዬ አስካለ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ውዳሴ ማርያም፣ የጠላ ጌሾ የቋጠሩበት ጨርቅ። የሚሄዱት ከድልድዩ ማዶ ወዳለች አበልጃቸው ዘንድ ነው። አባይነህ “እትዬ፣ እግርዎን ልሳም” ብሎ ቢጎነበስ እግራቸውን ሰበሰቡ። በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“ሳሉ ሲነሣባት ቀና አድርገሽ ያዣት” አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። “አትንጋለል።”

“አላንጋልላትም።”

“አናትሽም ደርቋል።” ይህን ብለው ወጡ።

ገንፎውን ያገነፋው አባይነህ ነው። አገንፍቶ አያውቅም፤ ጓጎለበት፣ ቅቤውም በዛበት። ቢሆንም መሀሉን ጎርጉዶ፣ አስተካክሎ መደቧ ፊት አቀረበው። ከዚያ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዞ፣ ገበታውን ከእጇ ሥር አድርጎ ከፊቷ ተንበረከከ። እንዲህ ተንበርክኮ ሲያያት አንድ ነገር ሊላት እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ ቃሉን የሚፈልገው ግን የሚሰፋውን ቆዳ እንደሚፈልግ ሰው፣ አንዱን እያነሣ ሌላውን እየጣለ ነው።

“ፈርቼ ነው” አለ መጨረሻ ላይ።

“አውቃለሁ።”

“እንግዲህ…” ቆመና እጁን ዘረጋ። መዳፉ ወስፌ የበሳው፣ ጅማት የተለተለው፣ እሷ ጠባሳውን አንድ በአንድ የምታውቀው እጅ ነው። “ልጅቷን ስጪኝና ታጠቢ።”

አዳነች ተኝታለች። አይናዲስ ወደ ግራ ክንዷ አዛወረቻትና ቀኝ እጇን ብቻ ከማንቆርቆሪያው ሥር ዘረጋች።

አባይነህ የዘረጋውን እጅ ጥቂት አቆየው። ከዚያ መልሶ ማንቆርቆሪያውን ያዘበትና አፈሰሰላት። ያ አንድ እጅ ጣቱን በጣቱ እያሸ፣ እየተገላበጠ፣ ጠዋት የነካውን ቅቤ ብቻውን ለማስለቀቅ ሲታገል ያያል። ቅቤው አልለቀቀም፣ ውሃው አለቀ።

“ሌላ ላምጣ?” አላት።

“ይበቃል” አለችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ።